ሳይቀምሱ የወጡ ሽማግሎች

ያሰሩን የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የማዳበሪያ ሽታ ነው፤ ዓይን ያቃጥላል። ቀጥሎ የሰው ላብ። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር ግን ቆርቆሮው ተቀዶ ነበርና ከሰዓት በኋላ በዚያ በኩል የጣና ንፋስ ይገባል። ዕድሜዬን ሙሉ ዘጌ ላይ ደንገል አስሬ ታንኳ ስሠራ፣ ዓሣ ሳጠምድ የኖርሁ ሰው ነኝ። ሐይቁን በሽታው አውቀዋለሁ። ከውኃው እምብዛም ሳልርቅ፣ እዚያው ባሕር ዳር እንደታሰርሁ በዚያ ለየሁ።

ካጠገቤ የተኛው የዘንዘልማ ባጃጅ ነጂ ነበር። ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

«አባባ፣ እርስዎን ደግሞ በምን ያዙዎት?»

«ሣር ይዤ።»

«የሚጨሰውን?»

«ከብት የሚበላውን።»

«እንግዲያው በሬው ይታሰር እንጂ እርስዎ ምን አደረጉ» አለ።

ሣሩ የእርቅ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ የሞተር ጀልባው ቆመ፤ ለሰው መሻገሪያ የቀረው የእኛ ታንኳ ብቻ ሆነ። በእሱም ላይ ይተኮሳል፤ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አይታወቅም። የጎረቤቴን ልጅ ምጥ ይዟት ወደ ሆስፒታል ሳሻግራት ጥይት ከፊታችን ያለውን ውኃ አረሰው። መለስኋት። በማግሥቱ ከነልጇ ቀበርናት። ከቀብር ስንመለስ አበልጄ፣ «እርጥብ ሣር ይዘን ሁለቱንም ወገን እንለምን፤ ሌላው ቢቀር ታንኳ ላይ አትተኩሱ እንበል» አለ። አበልጄ የቤተ ክርስቲያን መምህር ነው፤ የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሣ፣ አፉ ማር የሆነ ሰው። ያኔ አንቱ ነበር የምለው። ሦስተኛ አንድ ሐጂ ጨመርን፤ ባሕር ዳር ጨርቅ የሚነግዱ፣ በሁለቱም ወገን የሚታፈሩ ናቸው።

ሕጋችን የአባቶች ነው። ሽማግሌ ልመናው እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ የለመነበትን ቤት እህል ውኃ አይቀምስም። የቀመሰ ዕለት የዚያ ቤት ሰው ሆነ ማለት ነው። እኔና አበልጄ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ማልን፤ ሐጂም በእምነታቸው ማሉ። ጫካ ያሉት ዘንድ ሄድን፤ የማር ብርዝ ቀረበ፤ ቆመን ለምነን ሳንቀምስ ወጣን። የጦር አዛዡ ዘንድ ሄድን፤ ሻይ ቀረበ። በዚያ ሙቀት ምላሴ ከትናጋዬ ተጣብቆ ነበር። እሱንም ሳንቀምስ ወጣን። ሁለቱም «እናስብበታለን» አሉ።

ዳግመኛ ልንሄድ መሸንቲ መንገድ ላይ ካለ ዋርካ ሥር ተቀጣጠርን። ስደርስ የጠበቀኝ ወታደር ነው። ቦታውን ከሦስታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሐጂ ዘግይተው ነበርና አመለጡ። አበልጄም የለም። እሱን በሌላ መኪና ወስደውት ይሆናል ብዬ አዘንሁለት። መጋዘኑ ውስጥ ስጸልይ ከራሴ አስቀድሜ የምጠራው እሱን ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጠሩኝ። ቢሮው ስገባ አበልጄ ቆሟል፤ ጋቢው ታጥቧል፣ ጢሙ ተስተካክሏል፣ መቋሚያውን ተደግፏል። ወንበር አለ፤ አልተቀመጠም። መርማሪው ጥግ ላይ ሆኖ ስልኩን ይነካካል። ትከሻውን ስሜ፣

«ተመስገን፤ በሕይወት አሉ?» አልሁት።

«አለሁ አበልጄ። ለሽምግልና ነው የመጣሁ። እሺ ካላልኸኝ አልቀመጥም።»

«ምን ላድርግ?»

«ካሜራ ፊት አንዲት ቃል። ሐጂ በአንተ ታንኳ ጥይት ሲያሻግር ነበር በል። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

«ታንኳዬን ያውቁታል እኮ። እኔንና መረቤን ተሸክሞ ከደረሰ ትልቅ ነገር ነው።»

«እሱን ተወው። ሐጂ ሰው አለው፣ መውጫ አያጣም።»

«ጥይቱን አይተዋል?»

«አበልጄ፣ ሽማግሌ ቆሞብህ ትከራከራለህ?»

እውነቱን ነው፣ ሽማግሌ ሲቆምብኝ አልችልም፤ አስተዳደጌ ነው። «እስቲ ላስብበት» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በዚህ መኻል ሻይ የምታፈላው ሴትዮ ትሪ ይዛ ገባች። ወደ አበልጄ ዞር ብላ፣

«የኔታ፣ እንደ በቀደሙ ስኳሩን ላብዛልዎት?» አለችው።

መርማሪው ከስልኩ ቀና አለ። አበልጄ መቋሚያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶባት ነው» አለ።

«ኧረ እርስዎ ነዎት። ያን ለታ እንኳ ድገሚኝ ብለውኛል» አለች፣ ቅር ብሏት።

ዋርካውን ማን እንደነገራቸው ያኔ ገባኝ።

«ጠጣኸው?» አልሁት። አንቱታው የት እንደገባ እኔም አላውቅም።

ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«ሣሩን ከመያዛችን በፊት ነው በኋላ?»

«የኔን ነገር አታውቀውም አበልጄ።»

«ሐጂ ጥይት አላሻገሩም። አንተም ሽማግሌ አይደለህም። ከፈለግህ ቁም።»

እኔም ቆምሁ። መርማሪው በርጩማ በእግሩ ገፋ አድርጎ «ቁጭ በል ሽማግሌው» አለኝ። አልተቀመጥሁም። ሴትዮዋ ለእኔም ቀዳችልኝ። «እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፤ የእኔ ልመና ገና አልተመለሰም» አልኋት። ከአበልጄ ጋር ቆመን ፊት ለፊት ተያየን። ሻዩ እንፋሎቱ ጠፋ፤ ላዩ ላይ ዝንብ አረፈ። በመጨረሻ አበልጄ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ፤ ማንም እሺ ሳይለው። ያኔ ወደ በሩ ዞርሁና ጠባቂውን «መልሰኝ» አልሁት።

«ምን አሉዎት አባባ?» አለኝ ባጃጅ ነጂው።

«ተቀመጥ አሉኝ።»

«ታዲያስ?»

«አንተ ጋ እቀመጣለሁ ብዬ መጣሁ።»

ቦታ ለቀቀልኝ።

እንደያዙኝ ሁሉ ምክንያት ሳይነግሩኝ ለቀቁኝ። ሐጂ ሱቃቸው ውስጥ አሉ። ታንኳ ላይ ዛሬም አንዳንድ ቀን ይተኮሳል። የአበልጄን ልጅ ይዘውበት ኖሯል ይሉኛል። ይሆናል። ቢነግረኝ ኖሮ ለልጁም ሣሩን ይዤ እሄድለት ነበር። የማልረሳበት አለመንገሩን ነው።

በዚህ ሰሞን ሽማግሌ ላከብኝ። ሦስት ሆነው ደጄ ላይ ቆሙ።

«ይቅር በለው፤ አበልጅ ነው» አሉ።

«ግቡና ቁጭ በሉ።»

«እሺ በለንና እንቀመጣለን።»

እሺ አላልሁም። ልጄ ጠላ ይዛ ወጣች። ፀሐይዋ ከባድ ነበረች፤ ከዘጌ ወደብ በእግራቸው ነው የመጡት፤ የአንደኛው ከንፈር ተሰነጣጥቋል። ዋንጫውን አየት አደረገና ፊቱን አዞረ። ሳይቀምሱ ወጡ።

እስከ አጥሩ ሸኘኋቸው። ሣሩን እንደገና የያዝሁ ዕለት የምጠራው እነሱን ነው።