ከሰሉን ከአራስ ቤት ያወጣሁ ቀን

ሰፈሩ ሁሉ ፈሪ መሆኔን ያውቃል። ምድጃ ለኩሼ ከቤት አልወጣም። ባጃጅ ስሳፈር ልጆቼን መሃል አስቀምጣለሁ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ሞቅ ካለብኝ ነቅዬ እጥላለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ የምፈራውን ነገር ለምን እንደምፈራው ሁልጊዜ ማስረዳት አልችልም። ይህን የምጽፈው ግን ስለ ፍርሃቴ ይቅርታ ልጠይቅ አይደለም። ልጄ አራስ እያለች ያደረግኩትን ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁ።

የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ የታረሰችው በባሏ ቤት ነው፤ ከአማቷ ቤት ጎን በተሠራች አንዲት ክፍል። ባሏ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ይሠራል። እዚያ እሳት ቢነሳ ወደ ሌላው ክፍል እንዳይሻገር በሮቹ ማንም ሳይነካቸው ራሳቸውን ይዘጋሉ። ይህን ነገር በጣም ያደንቃል። ልጁ ሲወለድ፣ "ትንኝ አይገባባቸውም" ብሎ ከቀፊራ ገበያ ጠንካራ ሞላ ገዝቶ የቆርቆሮው በር ላይ ገጠመ። ሰው ገብቶ በሩን ሲለቀው ሞላው ይስበውና ጧ ብሎ ይዘጋል። ጎረቤቱ እየከፈተ እየለቀቀ ሳቀበት። እኔ አልሳቅሁም። ትንኝ የሚያመጣው የደንጊ ትኩሳት ሰፈሩን ሲያምስ አይቻለሁ፤ ሐሳቡ ጥሩ ነበር።

ያ ሳምንት ግን ዝናብ ያዘ፣ መብራትም ጠፋ። አማቷ የከሰል ምድጃውን ከጓሮ ወደ አራሷ ክፍል አስገባችው። "ሾርባው እዚያው ይሞቅላታል፣ ቤቱም ይሞቃል" አለች። ክፉ ሴት አይደለችም። ልጄን እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምታያት። አራስን ንፋስ አይንካት ሲባል እየሰማች አድጋለች፤ እኔም እንደዚያው። ሰው ሙቀቱን ሸሽቶ ባዶ ሲሚንቶ ላይ በሚጋደምበት በድሬ፣ እኛ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን ስንጥቁን በጨርቅ ወትፈን ተቀምጠናል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ልጄ ራሴን አመመኝ አለች። ከዚያ አቅለሸለሻት፣ ጉልበቷም ከዳት።

"ምች ነው" አለች አማቷ ወዲያው። "ይሄ ሁሉ እንግዳ በሩን እየከፈተ አስመታት።"

ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣቻት፣ ግንባሯን ቀባቻት። ላብ እንዲወጣላት በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍና ምድጃው ላይ ከሰል ጨመረች።

ሽንት ቤት ልወስዳት ይዣት ስወጣ ልጄ ጓሮው መሃል ቆም አለችና፣ "እማ፣ አሁን ቀለል አለኝ" አለች። ተመልሰን ገባን። በሩ ከኋላችን ጧ አለ። ብዙም ሳትቆይ እንደገና ራሷን ያዘች። ንጹሕ አየር ትቀበል ብዬ ደግሜ አወጣኋት፤ አሁንም ቀለል አላት። ስንመለስ የእኔም ጭንቅላት መውጋት ጀመረ። ጓሮ ሲወጡ የሚለቅ፣ ቤት ሲገቡ የሚይዝ ምች ሰምቼ አላውቅም። ክፍሉን ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ጭስ የለም፣ ሽታ የለም፣ ከሰሉ ደህና ቀልቷል። ሕፃኑ ተኝቷል። ልጄ ጡቷን ብታቀርብለት አፉን አልከፈተም። ጉንጩን ነካ ነካ አደረግኩት፤ አልነቃም።

ምድጃውን በጨርቅ ይዤ አነሳሁት።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አለች አማቷ።

"ላወጣው።"

"አቦ አስቀምጪው! ምች ይዟት ጭራሽ በብርድ ልትገድያት ነው?"

"እንዳትሞት ነው የማወጣው።"

"ወላሂ ይቺ ሴትዮ! እኔ ስንት ልጅ ስወልድ ያለ ከሰል ታርሼ አላውቅም።"

"ያንቺ በር ሞላ ነበረው?"

"ሞላ ደግሞ ምን አገባው?"

"የዚያን ጊዜ በርሽ ዘምሞ ድመት በስንጥቁ ትገባ ነበር። ራስሽ ነግረሽኛል።"

ልትጠይቅ የመጣችው የጎረቤት ባለሱቅ ሳቋ አመለጣት። አማቷ አልሳቀችም።

ከሰሉን ዝናቡ ላይ ደፋሁት። በሩን ስከፍተው ሞላው ከእጄ ሊነጥቀኝ ታገለኝ፤ ውኃ የሞላ ጀሪካን ጎትቼ አስደገፍኩበት። ልጄን ደግፌ ሕፃኑን ታቅፌ በረንዳው ላይ አወጣኋቸው። ባለሱቋ ሮጣ ባጃጅ አስቆመች።

"አራስ በዝናብ? ሰው ምን ይላል?" እያለች አማቷ እስከ አጥሩ ተከተለችኝ። "ልጅቷ ያንቺ ናት፣ እሺ። ሕፃኑ ግን የኛ ደም ነው። አንድ ነገር ቢሆን ማን ይጠየቃል?"

"እኔ። ማን ገደለው ካሉሽ አያቱ በይ፣ የናቱ እናት በይ።"

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ ልጄን አየት አድርጋ መጀመሪያ የጠየቀችው፣ "ቤት ውስጥ ከሰል አለ?" ብላ ነው። ለሁለቱም ኦክስጅን አደረጉላቸው። ከከሰል የሚወጣው መርዝ እንደማይታይና እንደማይሸት፣ ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹም ሰው ምች እንዲመስለው እንደሚያደርግ ነገረችኝ። ሕፃኑ ግን ገና ዝም እንዳለ ነበር። ድምፁን ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። በኋላ ፊቱን አጨማደደና ጮኸ። ልጄ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ እንደገና እስኪጮህ እየጠበቅኩ ነበር።

ድነው ስንመለስ ክፍሉ ውስጥ ምድጃው ተመልሶ ቀልቷል።

"ነርሷ ያለችውን ነግሬሻለሁ" አልኳት አማቷን።

"ነርሷ ወልዳለች?"

"እንግዲያውስ ሁለቱንም ቤቴ እወስዳቸዋለሁ።"

የልጄ ባል መሃላችን ቆሞ አንዴ እናቱን አንዴ እኔን ያያል። ክርክሩን የጨረሰችው ልጄ ናት። ሕፃኑን እንዳቀፈች በረንዳው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። "እማማ፣" አለች አማቷን፣ "እሳቱ ካልወጣ እኔ አልገባም።" ባሏ ምድጃውን አንስቶ ወጣ። ኋላም መስኮቱን ከፍቶ የትንኝ ሽቦ መታበት። ሞላው ይነቀል አላልኩም፤ እሳት በሌለበት ቤት በር ቢዘጋ ግድ የለኝም።

አማቷ አሁንም ልጅሽን ያዳናት የኔ ዳማከሴ ነው ትላለች። እኔንም ብርድ አምጪዋ የሚል ስም አውጥታልኛለች። ትጥራኝ። አራስ ያለበት ቤት ስሄድ መጀመሪያ የማየው ከሰሉ የት እንዳለ ነው፤ ውስጥ ከሆነ ሳላወጣ አልቀመጥም።

ባለፈው አማቷ ሕፃኑን ታቅፋ ከተከፈተው መስኮት ፊት ለፊት ተቀምጣ ነበር፤ በዚያ ሙቀት ጋቢ ለብሳ። ሕፃኑ አነጠሰ።

"ይኸው! አነጠሰ!" አለች በድል አድራጊነት። "ብርዱ ገባው!"

"ያነጥስ" አልኳት። "ይተነፍሳል ማለት ነው።"