ከስሙ ላይ ዓሣን ማን ፋቀው?

የአማርኛ መምህር ነኝ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ስለ ቃል ከእኔ ጋር የሚከራከር የለም ብዬ የማምን፣ ቱግ ባይ ሰው ነኝ። ይህን የምናገረው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ ያዋረደኝ እሱው ስለሆነ ነው።

የሳይንስ መምህራችን ዘመድ ሞቶበት ጣርማ በርን ተሻግሮ ለቅሶ ሄደ። በከተማው ትምህርት ቤቶች መካከል የጥያቄና መልስ ውድድር ሊደረግ ስለነበር፣ ከስድስተኛ ክፍል አንድ ተማሪ የመምረጡን ነገር እኔ ላይ ጣለው። ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ፤ መልሶቹን ግን አልጻፈም። «ቀላል ናቸው፣ አንተ አታጣቸውም» አለኝ። እኔም «ምን ነካህ፣ ይኼ ደግሞ!» ብዬ ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩ።

ዓርብ ከሰዓት ነበር፤ የጣሪያው ቆርቆሮ በሙቀት ይንጣጣል። ሁለት ልጃገረዶች እኩል ነጥብ ይዘው ቀሩ። አንደኛዋ እናቷ ጀውሃ ምግብ ቤት ያላት፣ እዚህ አክስቷ ጋ ተቀምጣ የምትማር ልጅ ናት። የመጨረሻው ጥያቄ «ዓሣ ነባሪ ከየትኛው የእንስሳት ክፍል ይመደባል?» የሚል ነበር።

«አጥቢ» አለች የጀውሃዋ።

ሳቄ አመለጠኝ። «ምን? ዓሣ ጡት ያጠባል?»

«ወላሂ ቲቸር፣ ታጠባለች! አየር ለመሳብም ከባሕሩ ብቅ ትላለች። እናቴ ቤት የሚበላ፣ ጅቡቲ የሚመላለስ ሹፌር መጽሐፍ ሰጥቶኝ...»

«እሰይ! ሹፌር ደግሞ ሳይንስ ማስተማር ጀመረ?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሲስቁልኝ ባሰብኝ። ሰሌዳው ላይ «ዓሣ ነባሪ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩና «ዓሣ» ከሚለው ሥር አሰመርኩ። «አማርኛ አታነቢም እንዴ? ከስሙ ላይ ዓሣን ማን ፋቀው?» አልኳት። ሌላዋ ልጅ «ዓሣ» ብላ መለሰች፤ የእሷን ስም መዘገብኩ። የጀውሃዋ እንባዋ ዓይኗ ላይ አቅርሮ ቁጭ አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጆቹ «አጥቢዋ ዓሣ» ይሏት ጀመር።

ሰኞ የሳይንስ መምህሩ ተመለሰ። «እግዜር ያጥናህ» ካልኩት በኋላ፣ ትንሽ ላስቀው ብዬ ወሬውን ጀመርኩለት፤ አንዲት የጀውሃ ልጅ ዓሣ ነባሪ ያጠባል አለችኝ ብዬ። አልሳቀም።

«ልክ ናት እኮ! ስሙ ነው እንጂ ዓሣ አይደለም። ምን አልካት?»

«ጎበዝ አልኳት» አልኩ፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ውድድሩ ሐሙስ ነው። ስም ለማስለወጥ ዳይሬክተሩ ቢሮ ድረስ ሃያ እርምጃ አይሞላም። አልሄድኩም።

ማክሰኞ ልጅቷ መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልላ አመጣችልኝ። «ቲቸር፣ ገጹን አጥፌልዎታለሁ» አለች። «እሺ ላየዋለሁ፣ ሂጂ» ብዬ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ሁሉም ሲወጡ አወጣሁት። ለልጆች የተጻፈ፣ ሽፋኑ ላይ ወጥ የነካው መጽሐፍ ነው። ከባሕሩ ሥር፣ ፀሐይ በማይደርስበት፣ ከገላቸው ብርሃን የሚያወጡ ዓሦች አሉ ይላል። ኦክቶፐስ የሚሉት ባለ ስምንት እጅ የባሕር እንስሳ ሦስት ልብ አለው ይላል። የታጠፈው ገጽ ላይ ግልገሏን የምታጠባ ዓሣ ነባሪ ተስላለች፤ ከጎኗ ደግሞ የመቅዘፊያዋ አጥንት፣ ልክ እንደ ሰው እጅ ጣት ጣት ያለው። ቅድመ አያቶቿ በአራት እግር የብስ ላይ ይሄዱ እንደነበር ተመራማሪዎች ያወቁት አጥንት ከአጥንት እያስተያዩ ነው። እኔ ያየሁት ስሟን ብቻ ነው። አለማወቄስ ባልከፋ፤ ካወቅሁ በኋላ አፌን መዝጋቴ ነው ያንገበገበኝ። ሐሙስ ሌላዋ ልጅ ለውድድሩ ሄደች።

የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሲታረም የሳይንስ መምህሩ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ።

«የጀውሃዋን ልጅ ምን ነካት? ሁሉንም አግኝታ አንድ ሳተች። ‹ዓሣ ነባሪ ዓሣ ነው› ብላለች። ብጠይቃት ‹የአማርኛው ቲቸር እንደዚያ ነው ያሉት› አለችኝ።»

ዓይን ዓይኔን እያየ ቆመ። ያኔ «ጎበዝ አልኳት» ያልኩት ውሸት መሆኑ ገብቶታል። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

መጽሐፉን ከመሳቢያ አውጥቼ በቀጥታ ክፍል ገባሁ። «ያን ዕለት ልክ የነበረችው እሷ ናት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩ በሁሉም ፊት። ወደ እሷ ዞሬም «ይቅርታ አድርጊልኝ» ብዬ መጽሐፏን ሰጠኋት። እፎይ ልል ስል እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ መቼ አወቁ?»

ቁጣ የለባትም፤ እንደማንኛውም ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ።

«ሰኞ» አልኩ።

«የትኛው ሰኞ?»

«ከውድድሩ በፊት ያለው።»

የሳቀ የለም። ተወዳድራ የመጣችው ልጅ አንገቷን ደፋች። የጀውሃዋ መጽሐፏን በፌስታሉ መልሳ ጠቀለለችና ቁጭ አለች።