ለሀጂ የተነሣንበት ቀን

በዚያን ዘመን ጎባ ውስጥ ከንጉሠ ነገሥቱ ቀጥሎ ስሙ በብዛት የሚነሣው ሰው እስር ቤት ነበር። የጉግስ ፈረሰኛ ነው። ለጥምቀት ከሮቤና ከሲናና የሚጎርፈው ሕዝብ ታቦት ለመሸኘት ብቻ አልነበረም የሚመጣው፤ እሱ ሲጋልብ ለማየትም ነው። ልጃገረዶች ስሙን እየጠሩ ይዘፍኑለት ነበር። ይህ ሰው በአንድ ሠርግ ላይ ታላቅ ወንድሜን ተኩሶ ገደለው። አሥር ዓመት ተፈረደበት።

ሦስት ዓመት ሲቀረው በአመክሮ ይፈታ የሚል ማመልከቻ ተጻፈ። ከዚያ ወዲያ በከተማው ሌላ ወሬ ጠፋ። እሱ ከታሰረ ወዲህ ጥምቀት ጥምቀት አይመስልም ይባባላሉ። የወንድሜን ነገር የሚያነሣ ቢገኝ፣ እሱማ አንዴ ሆኗል ምን ይደረጋል ብለው ያልፉታል። እናቴን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መንገድ ላይ ያቆሟትና ትከሻዋን ስመው ይቅር በይው ይሏታል። በጣም ያናድደኝ ነበር። ግን የወረዳው ጸሐፊ ነኝ፤ ደብዳቤያቸውን ተቀብዬ መዝገብ ላይ ከማስፈር በቀር የማደርገው አልነበረኝም።

እናቴ የፈለገችው ፍርዱን እንዲጨርስ ብቻ ነው። የአባቱ ቤትና የእኛ ቤት የሚለያዩት በአንድ አጥር ነው።

«ጠዋት በሬን ስከፍት ፊቱን ማየት አልችልም» አለችኝ። «እኔ ከሞትኩ በኋላ ይግባ።»

የሕዝቡ ሐሳብ ይሰማ ተባለና ስብሰባ ተጠራ። ከእናቴ ጎን ቆሞ የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሁሉም ሀጂ የሚላቸው የጊኒር እህል ነጋዴ። በሠርጉ ቀን ከወንድሜ አጠገብ ስለነበሩ ባዶ እጁን ሆኖ አትግደለኝ ብሎ ሲለምን አይተዋል። ክሱ ሲሰማ ግን መንገድ ላይ ነበሩ፤ ቃላቸው ሳይሰማ ቀረ። አሁን እመጣለሁ ኢንሻ አላህ ብለው ልከውላት ነበር።

በስብሰባው ቀን ጠዋት ጉሙ ሳይገፈፍ ሰዉ የወረዳውን ግቢ ሞላና ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሀጂ የሉም፤ የተሳፈሩበት የጭነት መኪና ሮቤ አጠገብ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሯል ተባለ። ይፈታ ባዮች ተራ በተራ ተናገሩ። እናቴ ስትጠየቅ፣ «ሰው እየጠበቅኩ ነው» አለች። ስብሰባውን የሚመራው ምክትል ገዢ ሰዓቱን አየና ይፈታ የምትሉ ተነሡ፣ አይፈታ የምትሉ ባላችሁበት ቆዩ አለ። ጥቂት ወንዶች ተነሡ። የሚበዛው ሰው እንደተቀመጠ ነበር፤ እርስ በርሱ ይተያያል። ልቤ ትንሽ መለስ አለልኝ።

ያን ጊዜ ሀጂ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው፣ በትራቸውን ተደግፈው በበሩ ገቡ።

ግቢው በሙሉ «ኖር!» ብሎ ተነሣ። ማንም አላሰበበትም። ቀድማ የተነሣችው እናቴ ናት። እኔም ብዕሬን እንደያዝኩ ተነሣሁ።

«ታኣ፣ ታኣ። በአላህ፣ ተቀመጡ» አሉ ሀጂ እጃቸውን እያርገበገቡ።

ከኋላ ይፈታ ባዮቹ እልልታቸውን አቀለጡት። ምክትል ገዢው ግቢውን በዓይኑ ዞረና ሕዝቡ በሙሉ ተነሥቷል፣ ጻፍ አለኝ። ለሀጂ እኮ ነው የተነሡት አልኩት፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ለማን እንደተነሡ ልባቸው ገብተህ አይተሃል?» አለኝ።

እናቴ ወዲያው ተመልሳ ተቀመጠች፤ ብቻዋን። እጇን አወጣች፤ ያያት የለም። ለሀጂ ብለው የተነሡት መሬት መሬቱን ያያሉ፤ ሀጂ ቆመው ሳለ ማን ቀድሞ ይቀመጥ? ሀጂ ልናገር ቢሉ ጉዳዩ አልቋል ተባሉ። እኔም «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ያምራል ይሉኝ ነበር፤ የዚያን ቀንም አማረ። ብዕሩን መጣል እችል ነበር። አልጣልኩትም።

ለጥምቀት ሳምንት ሲቀረው ፈረሰኛው ተፈታ። በማግሥቱ ሀጂ እናቴን ይቅርታ ሊጠይቁ ቤታችን መጡ። ከአጥሩ ማዶ ይዘፈናል፣ ፈረስ ያሽካካል። እናቴ የሀጂን ድምፅ ስትሰማ ከመደቡ ልትነሣ እጇን ግድግዳው ላይ አደረገች።

«ልጄ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ከእንግዲህ ለእኔ አትነሺ» አሏት።

እሷ ግን ተነሥታ ቆማ ነበር።

«ታዲያ ሀጂ» አለች፣ «ተቀምጬ ልቀበልዎት?»