ቦጂያ ያልገባው ገጽ

አባ ተሬፋ የጊንጪ ሰው ናቸው። ጭልሞ ደን ጥግ ተወልደው፣ ሚሲዮን አስተምሯቸው፣ ሮም ሰባት ዓመት ነገረ መለኮት ተምረው መጡ። ሲመጡ አብዮቱ ፈንድቷል። አምቦ የካቶሊክ ሚሲዮን ግቢ ገቡና የበሩን ዘበኛ ቦጂያን ያገኙት ያኔ ነው።

ቦጂያ ዓይን አፋር ነው። ሰው ሲያናግረው መሬት መሬት ያያል። በ71 ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ከልጆቹ እኩዮች ጋር ሀ ሁ ማለት አፈረና፣ ጥሪ በመጣ ቁጥር እየታመመ ቀረ።

ያን ጊዜ ቀበሌው ተማርኩ የሚል ሁሉ ማስረጃ ያምጣ አለ። አባም ከሮም ያመጡትን ዲፕሎማ ይዘው ሄዱ። የተጻፈው በላቲን ነው። መዝጋቢው ደግፌ ወረቀቱን አገላብጦ አገላብጦ፣

“አባ፣ ይሄን ማን ሊያነበው ነው? የማይነበብ ወረቀት ማስረጃ አይሆንም” አላቸውና “ያልተማሩ” ከሚለው ተርታ ጻፋቸው።

ሰልፈኛው ሳቀ። አባ ግን “እሺ፣ ትምህርቱ ስንት ሰዓት ነው?” አሉ።

ወሬው ቦጂያ ጆሮ ደረሰ። በማግስቱ ትምህርቱ ቦታ ሄዶ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከጎናቸው ተቀመጠ። ሮም የተማሩ አባት ሀ ሁ እያሉ እሱን ምን ያሳፍረዋል? በስድስት ወር ማንበብ ያዘ፤ በጣቱ እየተከተለ፣ ቀስ እያለ።

አባ በዚያው ሰሞን መጽሐፍ ይጽፉ ነበር፤ ሃይማኖትን ለገበሬ የሚያስረዳ። አንድ ልማድ አላቸው። የጻፉትን ገጽ ከሰዓት በኋላ ወደ በሩ ይዘው ይመጡና ለቦጂያ ያነቡለታል። “ገባህ?” ይሉታል። ከገባው ያልፋል፣ ካልገባው ይሰረዛል። ብዙው ገባው። ስለ ጸጋ የጻፉት ሲመጣ ግን ጭራና ቀንዱ ጠፋው። አፈረና “ገባኝ፣ አባ” አለ።

አባ ያን ገጽ ይዘው እሑድ ጊንጪ ሄዱ። አነበቡ፣ አስረዱ። ሲጨርሱ አዴ ዱሬቲ የሚባሉ አሮጊት እጃቸውን አነሱ።

“አባ፣ ይሄ ጸጋ የሚሉት እንደ ማዳበሪያው በኮታ ነው የሚታደለው? የገበሬ ማኅበሩ ያልመዘገበው ሰውስ?”

ማንም አልሳቀም። የሁሉም ጥያቄ ነበር።

አባ ፊታቸው ጠቁሮ ተመለሱ። “ሰባት ዓመት ተምሬ አንዲት እናት ማስረዳት አቃተኝ። ላንተ ግልጽ ነበር፤ እንግዲህ ስሕተቱን የት ብዬ ልፈልግ? መጽሐፉ ይቅር፣ ቦጂያ” አሉ። ወረቀታቸውን ሰብስበው ሣጥን ውስጥ ከተቱት።

ቦጂያን እህል አልበላ አለው። ልናገር ይላል፣ ውሸታም ሊባል ነው። ዝም ልበል ይላል፣ የሰውየው ድካም በእሱ አፍ ገደል መግባቱ ነው። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። በአራተኛው፣ አባ ቅዳሴ ላይ ሳሉ፣ ሣጥኑን ከፍቶ ያችን ገጽ አወጣ። ጥጓ ላይ በእርሳስ፣ እያላበው ጻፈ፦ “አልገባኝም። ቦጂያ።” ጠረጴዛቸው ላይ ትቶት ወጣ።

አባ ወረቀቱን ይዘው በሩ ድረስ መጡ።

“መቼ ነው ያልገባህ?”

“ያን ዕለቱኑ።”

“ታዲያ ለምን ገባኝ አልከኝ?”

“እርስዎ ያን ያህል ደክመው… ነውር መሰለኝ፣ አባ።”

አባ በሩ ጥግ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ቦጂያም አንዴ አፉ ተከፍቷልና፣ ዓመት ሙሉ ሆዱ ውስጥ የያዘውን ጠየቀ።

“ያኔ ለደግፌ አንድ መስመር አማርኛ ቢያነቡለት ይለቅዎት ነበር። ለምን አላነበቡለትም?”

አባም፣ “አንተ ብቻህን እንደማትመጣ አውቅ ነበር” አሉ።

“ማን ለመነዎት?”

“ማንም።”

ይህን ብለው ወረቀቱን አዩት፣ ቦጂያን አዩት። “በል እስቲ እርሳስህን አምጣ” አሉ።

ገጹ በሙሉ ተሰረዘ። አዲሱ ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም፤ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ስለተቀመጡ ሁለት ሰዎች ነው። ጊንጪ ሲነበብ አዴ ዱሬቲ፣ “ኤዬ፣ አዎ! ይሄስ ኮታ የለውም” አሉ።

መጽሐፉ በስቴንስል ተባዝቶ እስከ ወንጪ ደረሰ። አባ በ82 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ገጽ ይዘው ወደ በሩ መምጣቱን አልተዉም። ቦጂያም ዓይን አፋርነቱ አልለቀቀውም። መሬት መሬት እያየ ነው፣ “አባ፣ ይሄኛው አልገባኝም” ይላቸው የነበረው።