ተቃውሞ ያለው?

ባለፈው እሑድ ጀሞ ባለው ኮንዶሚኒየማችን ስብሰባ ተጠርቶ፣ ከብሎኩ ጀርባ ያለችው አሮጌ ሾላ ተቆርጣ ቦታው የመኪና ማቆሚያ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሰብሳቢው ጨዋ ወጣት ነው። «ተቃውሞ ያለው?» ሲል ግን የወንበሬን ጠርዝ ጨበጥኩ። ስድሳን ያለፍኩ ሰውዬ በሁለት ቃል መራዴ ያስቃል፤ ይሳቅ።

በወጣትነቴ ይህ ሁሉ እርሻ ነበር። እናቴ ከሾላዎቹ ሥር በሚፈልቀው ምንጭ ጎመንና ቀይ ሥር እያጠጣች አሳደገችኝ። ዘመኑ የደርግ፣ እኔም ለብሔራዊ ውትድርና የደረስኩ ጎረምሳ ነበርኩ። ከመንደሩ ማን እንደሚዘምት የሚመርጠው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ስለነበር፣ እሱ ሲያልፍ ሳሌን እንኳ እውጥ ነበር። ተወስዶ የተመለሰ የሰፈር ልጅ ገና አላየሁም ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ስብሰባ ተጠራ። በጭቃው እየተንሸራተትን ደረስን፤ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ጥብስ በቆሎ እየፈለፈለች ታቃምሰኛለች። ሊቀመንበሩ የማኅበሩ ገቢ እንዲያድግ ሾላዎቹ በሙሉ ተቆርጠው ለማገዶ እንደሚሸጡ አበሰረ። ከዚያም እንደ ወጉ «ተቃውሞ ያለው?» አለ። ነገሩ የመዝጊያ ቃል እንጂ ጥያቄ አልነበረም፤ መልስ ሰጥቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ሁላችንም ለጭብጨባ ተዘጋጀን።

የእናቴ እጅ ግን ወደ ላይ ወጣ።

«እማዬ፣ አውርጂው!» አልኳት በሹክሹክታ። ነጠላዋን ወደ ታች ጎተትኩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የደረቀው ቅርንጫፍ በየዓመቱ ይለቀም፤ ማን ከለከለ? ሾላው ከወደቀ ግን ምንጩም ይሄዳል። ላሟን አርደን ምን ልናልብ ነው?»

ሊቀመንበሩ እኔን አየኝ። «እርስዎ ልጅ አለዎት አይደል?» አላት።

የሁሉም ዐይን እኔ ላይ ነበር። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። እሷም ገብቷታል፤ ክንዷን ግን አላወረደችም።

«አለኝ» አለች። «የሚጠጣውም ከዚያው ምንጭ ነው።»

ከኋላችን ጎረቤታችን አቶ ከድር ጉሮሯቸውን ጠርገው «የኔዎቹም» አሉ። ሌላ ድምፅ ተከተለ፤ ሌላም። ተቃውሞ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ሊቀመንበሩን ማንም ያስተማረው አልመሰለኝም። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ ብሎ በተነን፤ በሚቀጥለውም አላነሳውም።

እኔ ግን የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር በበቆሎ ማሳ ውስጥ እየተጋደምኩ ሰነበትኩ። ጥር ላይ ወሰዱኝ። ከጦር ሜዳ እግሬን እየጎተትኩ ስመለስ እናቴ ከምንጩ ቀድታ እግሬን አጠበችኝ። እጇን በማውጣቷ ተጸጽታ እንደሆን አልጠየቅኳትም፤ መልሱን ፈርቼ ይሆናል። ዛሬ እሷም የለችም፣ ምንጩም አስፋልት ሥር ነው። ከሾላዎቹ የቀረችው ይህችው ናት።

እጄን አወጣሁ። እንደ እሷው አላወረድኩትም።

«አቤት ጋሼ?» አለኝ ወጣቱ።

ሊቀመንበሩ እናቴን የጠየቃት ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ ሲያስፈራኝ ኖሯል። ከአፌ የወጣው ግን እሱው ነበር።

«ልጅ አለህ አይደል?»