ከነኮፍያዬ ለኪኝ

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የራይና ባልደረቦች ወደ ጥቁር ባሕር ይወርዳሉ፤ ራይና ግን ወደ አባቷ ተራራ ትወጣለች። ፕሎቭዲቭ ከተማ ውስጥ ሒሳብ ማስተማር ከጀመረች ወዲህ እንዲሁ ነው። ሣር ማጨድ፣ ድንች መቆፈር፣ በግ መሸለት፤ ዕረፍት ስሙ ብቻ ነው። መስከረም ላይ ባልደረቦቿ በፀሐይ ጠይመው ሲመለሱ እሷም ጠይማ ትመለሳለች፤ ልዩነቱ የእሷ መጠየም አንገቷና ክንዷ ላይ ብቻ መሆኑ ነው። ባልም ነበራት። ሰውየው ሁለት በጋ ድርቆሽ ተሸክሞ በሦስተኛው የት እንደገባ ጠፋ። «በጎቹ አባረሩት» ይላሉ አባቷ ስታመን፣ ደስታቸውን መደበቅ እያቃታቸው።

ስታመን ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። ጥቁሩ የበግ ቆዳ ኮፍያ በጋ ከክረምት ከራሳቸው አይወርድም፤ ገበታ ላይ እንኳ ከነኮፍያቸው ነው የሚቀርቡት። ባለፈው ክረምት በረዶ ላይ ወድቀው ጎረቤት ባይደርስላቸው ኖሮ አልቆላቸው ነበር። ያን ጊዜ ነው ራይና «ከእንግዲህ ብቻህን አትከርምም» ብላ የጨከነችው። አራተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤቷ ትንሿን ክፍል ቀለም ቀባች፤ መጋረጃም ሰቀለች።

«እሺ፣ እመጣለሁ» አሉ ስታመን፣ ተከራክረው ተከራክረው። «ግን የበረቱ በር ሳይሰፋ፣ ግንቡም ሳይታደስ ንቅንቅ አልልም። በጎቹን ለዘመዴ ሳስረክብ የፈረሰ በረት አላስረክብም።»

ራይና በዚያ በጋ እንደ ቀን ሠራተኛ ድንጋይ የተሸከመችው ለዚህ ነው። ግንቡ ባለቀ ማግስት አባቷን ይዛ መውረድ ነበር ሐሳቧ።

በሩን ለማስፋት የድሮውን ማዕዘን ሲያፈርሱ ከመሠረቱ ድንጋይ ሥር ቀይ ክር የተጠመጠመበት አንድ ቁራጭ ሸምበቆ ወጣ። ራይና ከጉድፉ ጋር ሰብስባ እሳት ውስጥ ጣለችው። ግንበኛው ጌንቾ ዘወር ሲሉ ሸምበቆው ነዶ እያለቀ ነበር። አማተቡና ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ቀኑን ሙሉ ማፏጨታቸውን ተዉ።

አዲሱ ማዕዘን ደረት ሲደርስ ፈረሰ። ዝናብ አልነበረም፤ ነፋስም አልነበረም። ምሳ ሊበሉ ገብተው ሲወጡ ድንጋዮቹ መሬት ላይ ናቸው። ራይናን የገረማት መፍረሱ ሳይሆን አፈራረሱ ነው። ድንጋዮቹ የተደረመሱ አይመስሉም፤ ሰው አንድ በአንድ አንስቶ፣ እንዳይሰበሩ ተጠንቅቆ ያስቀመጣቸው ይመስላሉ። እንደገና ገነቡት። በቱንቢ ለክታ ቀጥ ማለቱን ራሷ አረጋገጠች። እንደገና ፈረሰ። በጎቹ በአዲሱ በር አንገባም ብለው እግራቸውን ተከሉ፤ ሻሮ የተባለው ውሻም ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ ጭራውን እግሮቹ መሃል ከትቶ በሩቁ ይዞራል።

«ሰው ነው የጎደለው» አሉ ጌንቾ አንድ ቀን፣ የባቄላ ሾርባቸውን እያማሰሉ።

ራይና ዳቦ ይዛ ፀሐዩ ላይ ቆማ ነበር። «የምን ሰው?»

«ግንቡ ሰው ነበረው። አንቺ አቃጠልሽዋ።»

«ጋሽ ጌንቾ፣ ሸምበቆ እኮ ነው ያቃጠልኩት።»

«የሸምበቆው ልክ የማን እንደነበር ታውቂያለሽ? የቆመ ሰው ጥላ ይለካል፤ ልኩ መሠረት ውስጥ ይገባል። ሰውየው አርባ ቀን አይሞላውም። ከዚያ በኋላ ግንቡን እሱ ይይዘዋል።»

«ይሄንንማ ፈተና ላይ አወጣዋለሁ!» ብላ ሳቀች።

«ሳቂ አንቺ። አባቴ ግንብ በሚሠራበት በኩል የመንደሩ ሴቶች ፀሐይ ወጥታ አያልፉም ነበር። እኔንስ ቢሆን ደመና ሲሆን አይደል ሰላም የሚሉኝ?»

«ዶሮ አይበቃም?» አሉ ስታመን፣ ዳቦ እየቆረሱ።

«ዶሮ የዶሮ ዕድሜ ነው የሚሰጥህ። ከፈለግህማ፣ ይቺውልህ ልጅህ ፀሐይ ላይ ተገትራለች።»

ስታመን ተነሡና ራይናን በክንዷ ይዘው ምሳ ወደሚበሉበት ዳስ ሥር ጎተቷት። «እሷን እንዳትነካ» አሉ። በፊታቸው ላይ የሳቅ ምልክት አልነበረም። ጌንቾም ሾርባቸውን ቀና ሳይሉ ጨረሱ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ያነሣ የለም። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ረፋዱ ላይ፣ ስታመን ዱላቸውን ግቢው ውስጥ ወዳለችው ጥድ ቀሰሩ።

«አንቺ አስተማሪ፣ እስቲ ያቺን ጥድ ሳትወጪባት ቁመቷን ንገሪኝ። ልጆቹን ታስተምሪያቸው የለ?»

ራይና ዓይኗ በራ። አባቷ ስለ ሥራዋ ጠይቀዋት አያውቁም ነበር፤ ማስተማር ለእሳቸው ቁጭ ብሎ ማውራት ነው። «ቀላል ነው! የሰው ቁመትና የጥላው ርዝመት ካለኝ፣ የዛፏን ጥላ ለክቼ ቁመቷን አገኛለሁ።»

«በይ በእኔ ሞክሪው» ብለው ከኪሳቸው ሲባጎ አወጡላት።

«መጀመሪያ ኮፍያህን አውልቅ፤ ሒሳቡን ያበላሽብኛል።»

«ከነኮፍያዬ ለኪኝ» አሉ። «ያለ እሱ እኔ አይደለሁም።»

ፎቶ እንደሚነሣ ሰው እጃቸውን ግራና ቀኝ አድርገው ቆሙ። ራይና ተንበርክካ የሲባጎውን ጫፍ ተረከዛቸው ላይ ያዘች፤ በሣሩ ላይ ወጥራ የኮፍያቸው ጥላ እስከሚያልቅበት ወሰደችውና በጥርሷ ቆረጠችው። የአባቷን ቁመትና የዛፏንም ጥላ ለካች። አፈር ላይ በእንጨት እየጫረች አባዛች፣ አካፈለች። ከልጅነቷ ወዲህ እዚያ ግቢ ውስጥ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

«እኔ ካለሁበት ፎቅ ትበልጣለች!» አለች።

«ታዲያ እዚህ እያለችልሽ ፎቅ ምን ይሠራልሻል» አሉና ቁራጯን ሲባጎ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ።

በነጋታው ማዕዘኑ ደረት ደረሰ። በማግስቱ ከሰው ራስ በላይ ሆነ። ድንጋይ ከድንጋይ አልተነቃነቀም። በጎቹ ማንም ሳይነዳቸው ተሰልፈው ገቡ፤ ሻሮም ማዕዘኑ ሥር ሄዶ ተኛና ጭራውን ወዘወዘ። ጌንቾ መሣሪያቸውን ሰብስበው የሄዱት የስንብት አረቄ ሳይጠጡ፣ ራይናንም ቀና ብለው ሳያዩ ነው።

ከዚያ ስታመን «በጎቹን ላስረክብ» እያሉ መውረዱን ከቀን ወደ ቀን ሲያራዝሙ መክሳት ጀመሩ። ቀበቷቸው አዲስ ቀዳዳ ተበሳለት፤ ወዲያው ሌላ ቀዳዳ አስፈለገው። የሚወዱት አይብ ፊታቸው ተቀምጦ ይውላል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ መሃል ቆመው «በረደኝ» ይላሉ። ራይና ሐኪም ይዛ መጣች፤ ሐኪሙም አዳምጦ «ልብ ደክሟል፣ ዕድሜ ነው» አለ። አንድ ነገር ግን ለሐኪሙ አልነገረችውም። አባቷ ግቢውን ሲያቋርጡ መሬት ላይ የሚወድቀው ጥላ የእሷን ያህል አልጠቆረም ነበር። ዓይኔ ነው አለች። ዓይኗን አሸች፤ ያው ነው።

ሻንጣቸውን አዘጋጅታ ልትጠራቸው ወደ በረቱ ስትሄድ ነው ያየችው። ማዕዘኑ ሥር፣ በሁለት ድንጋዮች መሃል፣ የሲባጎ ጫፍ ወጥቷል። በጥርሷ የቆረጠችውን ጫፍ አወቀችው። ለክታ የሰጠቻቸው እሷ ራሷ ነች።

ሮጣ ዶማ አመጣች። መጀመሪያ ስትመታ፣ በረቱ ፊት ባለው አግዳሚ ላይ የተቀመጡት አባቷ ጎናቸውን ያዙ። አጋጣሚ ነው ብላ ሁለተኛ መታች። ስታመን እጥፍ አሉና «ወይኔ የኔ ልጅ፣ ቀስ» አሉ። ዶማው ከእጇ ወደቀ። ብትተወው አባቷ ይሄዳሉ፤ ብታፈርሰው እሷው ናት የምትገድላቸው።

«ከእኔ ጋር ልትመጣ ቃል ገብተህልኝ ነበር!» እያለቀሰች ጮኸችባቸው።

«ግንቡ አልቆም ብሎ ጌንቾ አንቺን ቢለካስ ኖሮ? ግንበኛ ይታመናል?» አሉ። ትንፋሻቸውን ሰብስበው ደግሞ ጨመሩ፣ «ለምን እዋሽሻለሁ። ያንን ፎቅ ፈራሁት። እዚያ ተቀምጬ ምን ልጠብቅ?»

«እኔን! እኔን ጠብቀኝ፣ አባዬ!»

«አንቺንማ እዚሁ ሆኜ እጠብቅሻለሁ» አሉ። «ዕረፍት ሲሆን ትመጪ የለ?»

ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዚያው አግዳሚ ላይ ሞቱ። ራይና ቀብራ ወረደች። የተዘጋጀውን ሻንጣ መልሳ አልፈታችውም፤ ትንሿ ክፍል ውስጥ አስቀመጠችው።

ቦታውን ሽጪው ያላት ብዙ ነው፤ አልሸጠችም። ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ትወጣለች፤ ዘመዷንም በጎቹን ታግዘዋለች። የቤቱ ጣሪያ ያፈሳል፣ አጥሩ ዘሟል፤ የበረቱ ማዕዘን ግን ስንጥቅ እንኳ አልወጣለትም። ክፍሏ ውስጥ ያንን ትምህርት አሁንም ታስተምራለች፤ ሰው አቁማ ግን አታስለካም፣ እንጨት ትተክላለች። ባለፈው ጸደይ አንዲት ተማሪ «መምህርት፣ እርስዎን እንለካ!» ብላ ሲባጎ ይዛ እግሯ ሥር ብትንበረከክ፣ ራይና የፈላ ውኃ እንደነካው ሰው ዘላ ጥላ ውስጥ ገባች። ልጆቹ ሳቁ፤ እሷም አብራ ልትስቅ ሞከረች።

ፀሐይ ላይ ሳትሸሽ የምትቆመው አንድ ቦታ ብቻ ነው። በዕረፍቷ መጀመሪያ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ፀሐይን ለጀርባዋ ሰጥታ ማዕዘኑ ፊት ትቆማለች። «አባዬ፣ መጣሁ» ትላለች። ናፍቀዋታል፤ ትፈራቸዋለችም። ሻሮ ጭራውን ይወዘውዛል። ጥላዋ በሣሩ ላይ ሄዶ ግንቡን ይወጣል፣ ትከሻዋና አንገቷም ድንጋዩ ላይ ይሣላሉ። ራይና ባዶ ራሷን ናት፤ እጇንም ሰድዳ ፀጉሯን ትዳስሳለች። ግንቡ ላይ ያለው ጥላ ግን ኮፍያ አድርጓል።