የአባቴ ሥዕሎች የተበተኑበት ሳምንት

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበሩ። ከሰሜን መጥተው ዲላ ሲሰፍሩ ከመኖሪያችን አጠገብ ረጅም የጭቃ ቤት አሠሩና በሸራ የሳሏቸውን ሥዕሎች ግድግዳው ላይ ዙሪያውን ሰቀሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ቤተሰቡን ይዞ ይመጣል። አባቴ ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ታሪኩን ያወራሉ፤ የሚጠይቅ ይጠይቃል፤ የሚከራከራቸውም አይጠፋም። እናቴ ደግሞ በረንዳው ላይ ቀይ አፈርና የተፈጨ ከሰል በውሃ በጥብጣ፣ ልጆችንና እናቶቻቸውን በደረቀ የእንሰት ቅጠል ላይ ታስላቸዋለች። እኔ ገና አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፤ እሑድ የሚናፍቀኝ ለበረንዳው ሳቅ ነበር።

ጣሊያን ከገባ በኋላም ሰው መምጣቱን አልተወም። አንድ እሑድ ግን አንድ የጣሊያን ሹም አስተርጓሚ አስከትሎ መጣ። እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማ፤ ሥዕሎቹንም አደነቀ።

«አለቃ፣ ጌታው ወደውታል» አላቸው አስተርጓሚው። «የመሪያቸውን ምስል ስለው መሀል ላይ ይስቀሉ ብለዋል። በሚመጣው እሑድ መጥተው ያዩታል።»

ሰዉ ሲበተን እናቴ «ይሳሉትና በሰላም እንኑር» ብላ ለመነቻቸው።

«ስዬስ? ከሥሩ ቆሜ ለልጆቹ ምን ላውራ?» አሉ።

እኔ ሹሙ እንዳይወስድብን ሥዕሎቹን ቆጥ ላይ እንደብቃቸው አልኩ። «ከተገኙ ሁላችንም እንጠፋለን» ብለው እምቢ አሉኝ። በዚያው ሳምንት ሥዕሎቹን ለወዳጅ ቤተሰቦች አደሏቸው። ሰዉም በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ፣ የገበያ ሸክም አስመስሎ ወሰደ። ሹሙ ሲመጣ ባዶ ግድግዳ ጠበቀው። አባቴን አሰራቸው፤ ቤቱንም የበቅሎ ጋጣ አደረገው። እናቴ ሳይፈቱ ታማ ሞተች።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አባቴ ሥዕሎቹን ፍለጋ እስከ ጨለለቅቱ በእግራቸው ዞሩ። አንዱ ጣሪያ አፍስሶበት በስብሷል፤ ሌላው ከነቤቱ ተቃጥሏል። የቀሩትን የወሰዱት ሰዎች አገር ለቀው የት እንደገቡ አልታወቀም። አንዲት ባልቴት ብቻ ጭስ ያጠቆረውን የእመቤታችንን ሥዕል አውጥታ አሳየቻቸው።

«ይውሰዱት፣ የእርስዎ ነው» አለቻቸው፤ እንባዋ ግን መጣ።

አባቴም «አንቺ ዘንድ ይኑር» ብለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ጋጣውን ጠርጌ «በረንዳውን እኔ እይዛለሁ፣ ይክፈቱት» አልኳቸው። ግድግዳውን አይተው ወጡ። ዳግመኛ ብሩሽ አልያዙም። ልጆቼ የተወለዱት ከዚያ በኋላ ነው፤ አያታቸው ሰው ሰብስበው ሲያወሩ አልሰሙም። ከጠፉት ሥዕሎች ሁሉ ይልቅ የሚቆጨኝ ይኸ ነው።